ጋዝ ከመሙላታችሁ በፊት

ሰሞኑን አንድ የኮምቦልቻ ልጅ «ጋሼ፣ የመኪና ኤሲ አላቀዘቅዝ ሲል ስንት ጋዝ ልሙላበት?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝን አንድ ሚኒባስ አስታወሰኝ።

በባቲ በኩል ሚሌ የሚመላለስ ነበር። ቅዝቃዜው በቀነሰ ቁጥር ጋዝ ይሞላለታል፣ ደሴ ላይ ይሞከራል፣ «ደህና ነው» ይባላል። ደሴ ብርድ አገር ነው፤ ጋዙ የጎደለ ኤሲም እዚያ ያቀዘቅዛል። ቆላው ሲጀምር ግን ሙቅ አየር ይነፍሳል። ጋዙ የሚወጣው ከኮምፕረሰሩ፣ ማለትም ጋዙን ገፍቶ ከሚያዞረው ክፍል፣ ቱቦ መጋጠሚያ ነበር፤ ዙሪያው ላይ አቧራ የያዘ የዘይት እርጥበት በዓይን ይታያል። ዘይቱ ከጋዙ ጋር ነው የሚዞረው፤ ዘይት ያዣበት ቦታ ጋዝም ወጥቶበታል። ጋዙ በየጊዜው ሲሞላ የወጣውን ዘይት የተካ አልነበረም። በመጨረሻ ኮምፕረሰሩ ዘይት አጥቶ ነክሶ ቆመ፤ የብረት ብናኙም ኮንደንሰሩን (የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣውን) እና ኤክስፓንሽን ቫልቩን (ጋዙን በጠባብ ቀዳዳ የሚያሳልፈውን) ደፈናቸው። አንዲት ኦሪንግ፣ የመጋጠሚያ ላስቲክ ቀለበት፣ ባለመቀየሯ ሁሉም ተወልቆ ተጣለ። ባለቤቱ ሰባራ ሳንቲም ቆጥሮ የሚኖር ሰው ነበር።

ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። ከጎደለ የወጣበትን ፈልጉ። ናይትሮጅን አስገቡና የሳሙና አረፋ በየመጋጠሚያው ቀቡ። ኦክስጅን እንዳታስገቡ፤ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፣ ሰው ይገድላል።

ሞተር ጠፍቶ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) የሚያሳየው ግፊት አያታልላችሁ። ውስጡ ፈሳሽ ጋዝ እስካለ ድረስ አር 134 ኤ የሚባለው የኤሲ ጋዝ በ25 ዲግሪ ሙቀት 85 ፒኤስአይ ገደማ ያሳያል፤ 300 ግራምም ይኑር 600። የሚሞላው በሚዛን ነው፤ ልኩ ኮፈኑ ሥር ተለጥፏል። ሞተሩ ሲሠራ ግን ጌጁ ብዙ ይናገራል። ሁለቱም ወገን፣ ወደ ኮምፕረሰሩ የሚገባው ዝቅተኛውና ከእሱ የሚወጣው ከፍተኛው ግፊት፣ ዝቅ ካለ ጋዝ ጎድሏል። ዝቅተኛው ወገን ከፍ፣ ከፍተኛው ዝቅ ካለ ኮምፕረሰሩ አይገፋም። ሁለቱም ከፍ ካሉ ጋዝ ለመቀነስ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ፋኑን እዩ፣ ኮንደንሰሩ ላይ የተጋገረውን የአፋር አቧራ እጠቡ።

ቫኪዩም ላይ ደግሞ፣ ማለትም ጋዝ ከመሙላት በፊት አየርና እርጥበቱን በፓምፕ ስትስቡ፣ መጻሕፍቱ ጌጁ 29 ኢንች (የሜርኩሪ) ያሳይ ይላሉ። የተጻፉት ለባሕር ዳርቻ ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለችና የአየር ግፊቷ ዝቅ ስለሚል ጥሩ ፓምፕም ቢሆን ከ22 ኢንች እምብዛም አያልፍም፤ ኮምቦልቻ 24 አካባቢ ነው። ፓምፑ ሞተ ብላችሁ አትጣሉት። ቢያንስ 30 ደቂቃ ይሳብ፤ ከዚያ ቫልቩን ዘግታችሁ መርፌው መመለስ አለመመለሱን ተከታተሉ። የዛሬ ልጆች እጃችሁ ፈጣን ነው፣ መጠበቅ ግን ትጠላላችሁ። እርጥበት ውስጥ ከቀረ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ላይ በረዶ ሆኖ መንገዱን ይዘጋል። ሲስተሙ ተከፍቶ ከሰነበተ ድራየሩንም (እርጥበት መጣጩን) ቀይሩ።

ስልክ ላይ መፍጠጥ አልወድም፤ የሽቦ ንድፍ ፍለጋ ሲሆን ግን ከእኛ ዘመን ትበልጣላችሁ፣ አብሽሩ፣ ተጠቀሙበት። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። የእነዚህ ኮምፕረሰር በከፍተኛ ቮልቴጅ ነው የሚሠራው፤ ብርቱካናማውን ኬብል ኃይሉን በአሠራሩ መሠረት ሳታቋርጡ አትንኩ። ፓግ የሚባለው የተለመደው የኤሲ ዘይት ለእነሱ አይሆንም፤ ኤሌክትሪክ አሳልፎ መኪናውን ሊያቆመው ይችላል። አምራቹ ያዘዘውን ዘይት ብቻ ጨምሩ። በቱቦ ውስጥ የቀረ ጥቂት ፓግ እንኳ ስለሚያበላሽ ለኤሌክትሪኮቹ የራሳቸውን ጌጅና ቱቦ ለዩላቸው።