ራዳር ዲቴክተሩን ከመግጠምህ በፊት ፖሊሱ የሰጠህን ወረቀት አውጣ

የጠያቂው ደብዳቤ ባጭሩ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ኡበርና ሊፍት እነዳለሁ፤ አብዛኛው ሥራዬ ወደ ሬገንና ወደ ደለስ ኤርፖርት ነው። ራዳር ዲቴክተር (የፖሊስን የፍጥነት መለኪያ ራዳር የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ) ልገዛ አስቤያለሁ። ጓደኛዬ ሰንሰሩን ከፊት ግሪሉ ጀርባ ደብቆ፣ ገመዱን ከፊውዝ ሳጥኑ ጋር አገናኝቶ፣ ከመሪው ሥር ማብሪያ ማጥፊያ አስገጥሟል። «ቨርጂኒያ ስገባ አጠፋዋለሁ፣ ችግር የለውም» ይለኛል። እውነት ነው? የትኛውን ብገዛ ይሻላል? ባለፈው ወር ቨርጂኒያ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ አካባቢ ፖሊስ አስቁሞኝ ወረቀት ፈርሜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። የሲቲዝንሺፕ ኢንተርቪው እየጠበቅኩ ስለሆነ ሌላ ጣጣ አልፈልግም። ትራክ የሚነዳው የአጎቴ ልጅም መግዛት ይፈልጋል። እንደ ታናሽ ወንድምሽ ቆጥረሽ ምከሪኝ።

መልስ፦

እሺ ወንድሜ፣ እንደ ታናሽ ወንድሜ ቆጥሬህ ነው የምጽፍልህ፤ ስለዚህ ትንሽ ብቆጣህ አትቀየመኝ። የጠየቅከውን ቶሎ ልመልስና ወዳልጠየቅከው እሄዳለሁ።

ሜሪላንድ ውስጥ በግል መኪና ራዳር ዲቴክተር ይፈቀዳል። ቨርጂኒያ ውስጥ ክልክል ነው፣ ዲሲ ውስጥም እንዲሁ። በመላው አሜሪካ ለተራ የቤት መኪና ዲቴክተር የከለከለች ብቸኛዋ ስቴት ቨርጂኒያ ናት፤ የአንተ እንጀራ ደግሞ እዚያ ነው ያለው። ሬገንም ደለስም ቨርጂኒያ ውስጥ ናቸው። በቤልትዌይ (ዲሲን በሚዞረው አውራ ጎዳና) ሄደህ የአሜሪካን ሊጅን ድልድይን ስትሻገር ሕጉ ተቀየረ ማለት ነው። በ16ኛው መንገድ ወደ ከተማ ብትወርድም ከሲልቨር ስፕሪንግ እንደወጣህ ዲሲ ነህ። የሜሪላንድ ታርጋ እዚህ ላይ ምንም አያደርግልህም፤ የሚሠራው መኪናው ያለበት ቦታ ሕግ ነው።

ጓደኛህ «አጠፋዋለሁ» ያለውን በተመለከተ፣ ተሳስቷል። የቨርጂኒያ ሕግ ቁጥር 46.2-1079 የሚከለክለው መጠቀሙን ብቻ አይደለም፤ መሣሪያው ያለበትን መኪና መንዳቱን ነው። መሣሪያው መኪናው ውስጥ መገኘቱ ብቻውን ለጊዜው በቂ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል። ዐቃቤ ሕጉ በርቶ እንደነበር ወይም እንደሚሠራ ማስረዳት የለበትም። የምታመልጥበት አንድ ቀዳዳ አለ፤ እሱም ሁለት ነገር አንድ ላይ ሲሟላ ነው፦ መሣሪያው የኃይል ምንጭ የሌለው መሆን አለበት፣ በተጨማሪም ሹፌሩም ሆነ ተሳፋሪው በቀላሉ ሊደርሱበት የማይችሉት መሆን አለበት። አሁን የጓደኛህን መኪና ተመልከት። ገመዱ ፊውዝ ሳጥኑ ላይ ነው። ማጥፊያው ከጉልበቱ በላይ ነው። «ጠፍቶ ስለነበር ኃይል የለውም» ብሎ ቢከራከር እንኳ ጣቱን ዘርግቶ የሚያበራው ነገር «አይደረስበትም» ሊባል አይችልም።

ስለዚህ ብዙ ብር የፈሰሰበት ድብቅ ገጠማ ድንበር ለሚሻገር ሰው ከሁሉም የባሰው ምርጫ ነው፤ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ቢያንስ ተነቅሎ፣ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ፣ ከኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ከሻንጣ ሥር ሊቀመጥ ይችላል። እሱም ቢሆን ከቤት ስትወጣ እንጂ ድልድዩ ላይ እየነዳህ አይደለም። የዲቴክተሩ ጥፋት በራሱ ወንጀል አይደለም፣ የገንዘብ ቅጣት ነው። ፖሊሱ ዕቃውን ለማስረጃ ሊወስደው ይችላል፤ ሲጨርሱ ይመለስልሃል። ቢሆንም ተሳፋሪ ከኋላ አስቀምጠህ መንገድ ዳር መቆሙን አስበው።

የትኛው ይሻላል ላልከው፣ ሥራህ ይህ ከሆነ አንዱንም አልመርጥልህም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ኢንተርኔት ላይ «ራዳሩን ያግዳል» እየተባለ የሚሸጥ አለ። እሱ ዲቴክተር አይደለም፣ ጃመር ነው። የራዳር ጃመር በፌዴራል ሕግ በየትኛውም ስቴት ክልክል ነው፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። ደግሞም ዲቴክተር ሁሉን አያይም። ፖሊሱ በሌዘር ከለካህ አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው የሚጮኸው ፍጥነትህ ከተመዘገበ በኋላ ነው። ከኋላህ ተከትሎ በራሱ መኪና ፍጥነት ከለካህ ደግሞ የሚጮኽም ነገር የለም። መንገድ ላይ ያለውን የሚያሳውቅህ ከፈለግክ ዌዝን የመሰለ የስልክ ካርታ ራዳር ስለማይቃኝ በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገባም፤ ስልኩን ማስቀመጫ ላይ አድርገው እንጂ በእጅህ አትያዘው፣ ሦስቱም ቦታ ያስቀጣል።

አሁን ወዳልነገርከኝ ልምጣ።

ስለ ዲቴክተሩ ገመድ እስከ ፊውዝ ሳጥኑ ድረስ ዘርዝረህ ጻፍክልኝ። ስፕሪንግፊልድ ላይ ስለፈረምከው ወረቀት ግን ያለኸው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ወረቀቱ ምን ይላል? በስንት ቁጥር ሕግ ከሰሰህ? ቀጠሮው መቼ ነው? ወረቀቱን በደንብ አንብበኸዋል? እኔ ስገምት አላነበብከውም። ብታነበው ኖሮ ስለ ዲቴክተር አትጽፍልኝም ነበር።

ወረቀቱን አውጣና ጠረጴዛ ላይ ዘርጋው። መጀመሪያ ክሱ የተጻፈበትን መስመር፣ ከጎኑ ደግሞ የሕጉን ቁጥር ፈልግ። ቁጥሩ 46.2-862 ከሆነ የያዝከው ቲኬት አይደለም። «ሬክለስ ድራይቪንግ»፣ ማለትም በግድየለሽነት መንዳት ነው። በቨርጂኒያ ሬክለስ ክፍል 1 ሚስዲሚነር፣ ማለትም ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ያስቀጣል፣ ቨርጂኒያ መንጃ መዝገብ ላይ 11 ዓመት ይቆያል። ሬክለስ ለመባል ደግሞ እንደ እብድ መንዳት አይጠበቅብህም። ከተፈቀደው በ20 ማይል መብለጥ ይበቃል፤ ወይም ገደቡ ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል ማለፍ። ገደቡ 55 በሆነበት መንገድ 75 ስትነዳ ገባህበት። 70 በሚፈቀድበት አይ-95 ላይ ደግሞ 86 ከነዳህ፣ የበለጥከው 16 ማይል ብቻ ቢሆንም ሬክለስ ነው። ከ2020 በፊትማ ጣሪያው 80 ነበር።

ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ ይሄ ነው። ሜሪላንድና ዲሲ የሚኖር ሰው የካሜራ ቲኬት ለምዷል። የካሜራ ቲኬት በፖስታ ይመጣል፣ ፎቶ አለው፣ ነጥብ የለውም፣ ትከፍላለህ፣ ያልቃል። ከዚያ ቨርጂኒያ ውስጥ ፖሊስ አስቁሞት ወረቀት ሲሰጠው ይህንንም እንደዚያው ያየዋል። «ሂሳቡ በፖስታ ይመጣል» ብሎ ይጠብቃል። አይመጣም። የተሰጠው ወረቀት ራሱ የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። የፈረመውም ጥፋቱን ለማመን አልነበረም፤ «በቀጠሮው ቀን እቀርባለሁ» ብሎ ቃል ለመግባት ነው። ቀኑ ያልፋል። በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል፣ ወይም ዳኛው ይያዝ ብሎ ትእዛዝ ሊያወጣበት ይችላል። አንድ ቀን በሌላ ተራ ነገር፣ የኋላ መብራት ጠፍቶበት ሲቆም፣ ያ ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ላይ ይወጣል።

ሌላው ዓይነት ደግሞ ቀጠሮውን የሚያከብር ጨዋ ሰው ነው። የሥራ ቀን እንዳይቃጠልበት ብቻውን ይሄዳል፣ ትሕትና ያዋጣኛል ብሎ «ጥፋተኛ ነኝ፣ ይቅርታ» ይላል፤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ የወንጀል ሪከርድ ይዞ ይወጣል። እኔ ጋ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ኡበር ሪከርዱን አይቶ ሲያግደው ወይም ኢንሹራንሱ ሲንር። በጣም ያሳዝነኛል፤ አስቀድሞ ቢመጣ ብዙ ነገር ይቻል ነበር።

ወረቀቱ ላይ ሌላም የምታየው አለ። ፍርድ ቤት ሳትቀርብ መጨረስ የምትችለው አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት ከተደረገ ብቻ እንደሆነ ተጽፏል። ምልክት ከሌለበት መቅረብህ ግዴታ ነው። ሬክለስን ቀድሞ ከፍሎ መገላገል የሚባል ነገር የለም። ሳጥኗ ምልክት ካለባትና ክሱ ተራ ፍጥነት ከሆነ ግን እሰየው፣ እፎይ በል። ያኔም ቢሆን መክፈል ጥፋተኛ ነኝ ማለት ስለሆነ ካርድህን ከማውጣትህ በፊት ጠበቃ ጠይቅ። «ሜሪላንድ ስለምኖር አይደርስብኝም» እንዳትል፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ መረጃ ለመለዋወጥ ተስማምተዋል።

ቁጥሩ 862 ከሆነስ? አትደንግጥ፣ ግን ዛሬውኑ ተነስ። በቨርጂኒያ ፈቃድ ያለው የትራፊክ ጠበቃ ያዝ። የሜሪላንድ ፈቃድ ብቻ ያለው አይሆንም። የመንጃ ሪከርድህን ከሜሪላንድ ኤምቪኤ (ከመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) አውጣ። ጋራዥ ወስደህ የፍጥነት መቁጠሪያህን አስፈትሽና ወረቀት ተቀበል፤ መቁጠሪያው ዝቅ አድርጎ የሚያሳይ ከሆነ ለዳኛው የሚቀርብ ነገር ነው። ጠበቃህ ከመከረህ የአነዳድ ማሻሻያ ትምህርቱን ከቀጠሮው በፊት ጨርሰው። ለዲቴክተሩ ያዘጋጀኸውን ገንዘብ እዚህ ላይ አውለው። ሪከርድህ ንጹሕ ከሆነና ፍጥነቱ ከመጠን ያለፈ ካልሆነ ክሱ «ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ» ወደሚባለው ዝቅ ሊልልህ ይችላል። እሱ ወንጀል አይደለም፣ ጣሪያው 500 ዶላር ነው። ቃል ግን አልገባልህም፤ በዳኛውና በዐቃቤ ሕጉ ይወሰናል። በጀነራል ዲስትሪክት ኮርት ቢፈረድብህ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ትችላለህ፣ ጉዳዩም ከፍ ባለው ፍርድ ቤት፣ በሰርኪት ኮርት፣ እንደ አዲስ ይታያል። አሥሩ ቀን የሚቆጠረው ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ ነው።

እንግሊዝኛህ የሚከብድህ ከሆነ ፍርድ ቤቱ የአማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ያቀርባል፤ ቀድመህ ጠይቅ። ዘመድ ይዘህ አትሂድ። «ገብቶኛል» ብሎ አንገት መነቅነቅ ያስፈረደባቸው ሰዎች አሉ።

ሲቲዝንሺፑ ደግሞ አለ። ይህንንም ከኋላ አምጥተህ ወሸቅከው! የዜግነት ማመልከቻው፣ የኤን-400 ፎርም፣ ፖሊስ ይዞህ ወይም ክስ ጽፎብህ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቃል። ፎርሙን ያስገባኸው ከስፕሪንግፊልዱ በፊት ከሆነ መልስህ ያኔ እውነት ነበር፣ አሁን ግን ተለውጧል። ኦፊሰሩ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ያነሳቸዋል፣ አንተም ምለህ ነው የምትመልሰው። አንድ የፍጥነት ክስ ብቻውን ዜግነት ያስከለክላል አልልህም፤ ከባዱ መዋሸቱ ነው። በመሐላ ሥር የተነገረ ውሸት የመልካም ጠባይ መስፈርቱን ያፈርስብሃል። ጉዳዩ ገና ካልተቋጨም ለኢሚግሬሽን ጠበቃህ ከኢንተርቪው በፊት ንገረው፣ ከትራፊክ ጠበቃህም ጋር አገናኛቸው። ካለቀ ከፍርድ ቤቱ ክለርክ ማኅተም ያለበት የውሳኔ ግልባጭ አውጣ። ማኅተም ያለበትን ወደ ኢንተርቪው ይዘህ ሂድ፣ ፎቶውን ቤት አስቀምጥ።

የአጎትህ ልጅ አይግዛ። ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሚመዝን፣ ከስቴት ስቴት የሚሠራ የንግድ ተሽከርካሪ ላይ ዲቴክተር መያዝ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፌዴራል ደንብ ክልክል ነው። ሜሪላንድም ሆነ ቴክሳስ ለውጥ የለውም። ክልከላው ድርጅቱንም ስለሚመለከት ሥራውንም ሊያጣ ይችላል።

በመጨረሻም፣ ይህ ጠቅላላ ምክር ነው፤ ወረቀትህን ስላላየሁ ጠበቃህ ነኝ ማለት አልችልም። ስንት ማይል እየነዳህ እንደነበርና ለፖሊሱ ምን እንዳልከው መልሰህ እንዳትጽፍልኝ። ለማንም አትጻፍ፣ ለጓደኛህም በስልክ ቴክስት አታድርግ። ለምትቀጥረው ጠበቃ ብቻ፣ በአፍህ ንገረው። ቀጠሮው አልፎ ከሆነ ደግሞ እስከ ሰኞ አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ጠበቃ አግኝ፣ እሱ ፍርድ ቤቱ ጋ ደውሎ ምን እንደተወሰነ ያጣራልህ። ዲቴክተሩን አዘህ ከሆነም ሳጥኑን ሳትከፍት መልሰው።