ስለ እግራችሁ ጠይቁኝ

ጥያቄዎቻችሁን እያነበብኩ ነው። ብዙ ሰው ስለጠየቃቸው ጉዳዮች ልጀምር።

ጥያቄ፦ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ተረከዜን ይወጋኛል። ትንሽ ስራመድ ይለቀኛል። ምንድን ነው?

መልስ፦ ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋ ጠንካራ ሽፋን አለ። የውስጥ እግርህን ቅስት ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው። እስቲ ቁጭ በልና የእግርህን አውራ ጣት በእጅህ ወደ ላይ ሳበው። ሽፋኑ እንደ ገመድ ሲወጠር በሌላው እጅህ ይሰማሃል፣ ቅስቱም ከፍ ይላል። በተራመድክ ቁጥር የሚሆነው ይሄ ነው፤ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ተረከዙ ጋ የተያያዘበት ቦታ ይታመማል። ጠዋት ገና እግርህ መሬት ሳይነካ ጣትህን እንደዚያው ሳብና 10 ሰከንድ ያዘው፣ 10 ጊዜ ድገመው። ባትህንም አፍታታ። ቤት ውስጥም ቢሆን ለስለስ ያለ ጫማ አድርግ። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል፣ ግን ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ቶሎ ተስፋ አትቁረጥ።

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ልጄ እግር ጠፍጣፋ ነው። ልስጋ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፣ ቅስቱ ቀስ እያለ ይወጣል። በጣቶቹ ጫፍ ሲቆም ቅስቱ ብቅ ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ካመመው ወይም ካነከሰ ግን ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ጣቶቼ መሀል ያሳክከኛል፣ ይላላጣል።

መልስ፦ ፈንገስ ይመስላል። ታጥበህ ጣቶችህን መሀል ለመሀል አድርቅ፣ ካልሲ በየቀኑ ቀይር። ክሎትሪማዞል ወይም ተርቢናፊን ቅባት ይረዳል። ማሳከኩ ስለተወህ ብቻ አታቁመው፣ የታዘዘውን ጊዜ ጨርስ።

ጥያቄ፦ ጥፍሬ ሥጋዬ ውስጥ እየገባ አስቸገረኝ።

መልስ፦ ቀጥ አድርገሽ ቁረጪው፣ ጎንና ጎኑን አታጎድጉጂው። መግል ከያዘ ራስሽ አትነካኪው።

ጥያቄ፦ ጫማ ስገዛ ልክ ነው ብዬ ቤት ስገባ ይጠበኛል።

መልስ፦ እግር እየዋለ ያብጣል፣ ስለዚህ አመሻሽ ላይ ግዛ። ቆመህ ለካ፣ በትልቁ እግርህ። ከረጅሙ ጣትህ ፊት የአንድ የእጅ አውራ ጣት ስፋት ያህል ይትረፍ።

ጥያቄ፦ እናቴ ስኳር አለባቸው፤ እግራቸውን ምን ላድርግላቸው?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ ይሄ ያሳስበኛል። ስኳር የእግርን ነርቭ ስለሚጎዳ ጠጠር ጫማቸው ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲፈገፍጋቸው ቢውል ላይሰማቸው ይችላል። «አላመመኝም» ማለታቸው አያዘናጋህ። በየምሽቱ ውስጥ እግራቸውን፣ ተረከዛቸውን፣ ጣቶቻቸውን መሀል ሳይቀር እያቸው። ጫማቸውን ሳያጠልቁ ውስጡን በእጅህ ዳስስ። የሚታጠቡበትን ውኃ ሙቀት አንተ ለካላቸው። የጠነከረ ቆዳ በምላጭ አትላጭላቸው። ቁስል፣ መቅላት ወይም የጠቆረ ቦታ ካየህ ደግሞ ነገ አትበል፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዳቸው።