ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የማርሽና የፍሪሲዮን ናቸው፤ ፍሪሲዮን የግራ እጀታውን ስትጨብጡ ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው ክፍል ነው። ጊዜው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ጀምሯል፤ ጠዋት ጋራዥ ስከፍት ቁልፉ ራሱ እጅ ያቃጥላል። ብርድ ሲመጣ ሞተር ሳይክል ማርሽ ላይ ያስቸግራል። አራቱን መርጬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ የምሠራው መሐል ሜዳ፣ መንዝ ነው። የምነዳው ቦክሰር ሞተር ሳይክል አንደኛ ማርሽ ሳስገባ "ጓ" ብሎ ወደ ፊት ይዘላል። ሞተሩ እየሠራ ዜሮ ማርሽ ማግኘት ፈተና ሆኖብኛል፤ አጥፍቼ ነው የማገኘው። አንድ መካኒክ "ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ተበልቷል፣ ይፈታ" አለኝ። የጠየቀኝ ዋጋ ከወር ደሞዜ ይበልጣል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ እንዳታስፈታው። መልሱ ራሱ ደብዳቤህ ውስጥ አለ። "አጥፍቼ ነው የማገኘው" ብለሃል። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሹ በቀላሉ ከገባና ከወጣ፣ ሲነሳ ብቻ ካስቸገረ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍሪሲዮኑ ነው። እጀታውን ጨብጠኸውም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ጠፍቶም ቢሆን አልገባ ቢልህ ኖሮ ያኔ ስለ ካምቢዮ እናወራ ነበር። ሙከራውን ስታደርግ ሞተር ሳይክሉን ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀስክ ይሁን፤ ቆሞ ጥርሶቹ ላይገጣጠሙ ይችላሉ።

የቦክሰር ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ ነው የሚኖረው። ሸራ (ሰበቃ የሚፈጥር ሽፋን) ያላቸው ዲስኮችና የብረት ዲስኮች እየተፈራረቁ ተደራርበዋል። ሞላዎቹ ሲጨምቋቸው ኃይል ያስተላልፋሉ፤ እጀታውን ስትጨብጥ ይላቀቃሉ። ሌሊቱን በመንዝ ብርድ ያደረ ዘይት ግን ይወፍራል። ዲስኮቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ስለዚህ የምትዘለው የጠዋቷ የመጀመሪያዋ ማርሽ ብቻ ከሆነች በሽታ አይደለችም። ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ እጀታውን ጨብጥ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፋው። መጀመሪያ ይከብድሃል፣ ከዚያ ድንገት ይላላል። ያኔ ዲስኮቹ ተላቀዋል። ዜሮ አድርገህ አስነሳና ሁለት ሦስት ደቂቃ አሙቀው።

ከሞቀ በኋላም ካልተወ ከእጀታው ጀምር። ፍሪሲዮኑ መሳብ ከመጀመሩ በፊት እጀታው የሚሄዳት ባዶ ጉዞ አለች። ጫፉ ላይ ስትለካት ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ብትሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ከበለጠች ፍሪሲዮኑ ሳይለቅ እጀታው መያዣው ጋ ይደርሳል። እጀታው ሥር ባለችው ማስተካከያ አሳጥራት። እሷ ካለቀች ታች፣ ሞተሩ ጋ ያለችውን ተጠቀም።

ቀጥሎ ገመዱን ተመልከት። እዚህ ላይ ረጋ በል። የመንዝ አቧራ የገመድ ጠላት ነው። ገመዱን ከእጀታው አውጣና ጫፉን እየው፤ ከሽቦዎቹ አንዱ እንኳ ተበጥሶ ከወጣ ለውጠው። ደህና ከሆነ ላይኛውን ጫፍ በፌስታል ቁራጭ እንደ ቀንድ ጠቅልለህ እሰረው። መጀመሪያ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርግበት፣ ታች ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ። ከዚያ ቀጭን ዘይት። ግራሶ እንዳትጨምር፤ ከአቧራ ጋር ተደባልቆ ጭቃ ይሆናል።

በገመድ ላይ ይህን ያህል የምቆየው ምክንያት አለኝ። ወጣት መካኒክ ሳለሁ አንድ አስተማሪ ከሰላ ድንጋይ ይህንኑ ችግር ይዞ መጣ። ዘይቱን አፈሰስኩ፣ የሞተሩን ጎን ከፈትኩ፣ ዲስኮቹን አንድ በአንድ አወጣሁ። ሁሉም ደህና ነበሩ። መልሼ ገጠምኩት፣ ችግሩ እዚያው አለ። በሁለተኛው ቀን ከነዳጅ ታንከሩ ሥር፣ ገመዱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ሽፋኑ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ሰውዬው ሁለት ቀን ከሥራው ቀርቶ ደብረ ብርሃን አድሯል። የእጅ ዋጋ አልተቀበልኩትም፤ ቀኑን ግን ልመልስለት አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ገመድ ሳላይ ክዳን አልከፍትም።

ይህን ሁሉ አድርገህ ካልተሻለው ያኔ ጎኑ ይከፈት። የብረት ዲስኮቹ መስታወት ላይ ተዘርግተው ይታዩ፤ ከተጣመሙ ሥራ አቁመዋል። ዲስኮቹ የተቀመጡበት ቅርጫት ጥርሶቹ ላይ ጉድጓድ ካበጀም ዲስኩ እዚያ እየተሰነቀረ አይለቅም። ለዚህም ቢሆን ካምቢዮ አይፈታም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ደብረ ሲና ነው። ዘይት ካስቀየርኩ ወዲህ ሞተሬ ጣርማ በር ዳገት ላይ ይጮኻል እንጂ አይሄድም። ጓደኞቼ "ከፍታው ነው፣ አየር አንሶት ነው" ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ላይ ሞተር ሁሉ ይደክማል። አየሩ ሳሳ፣ ካርቡራተሩ ደግሞ ቤንዚኑን እንደ ቆላው ይሰጣል። ግን የደከመ ሞተር ድምፁ ይወርዳል። ያቃስታል፣ ማርሽ ቀንሺልኝ ይልሻል። ያንቺ እየጮኸ ነው። ድምፁ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ጓደኞችሽ ከፍታው ላይ ያሉት ትክክል ነው፣ ያንቺን ችግር ግን አይገልጸውም።

ሜዳ ላይ ሞክሪው። ሞተሩን አስነሺ፣ የፊት ፍሬን ያዢ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገቢ፣ ትንሽ ነዳጅ እየሰጠሽ እጀታውን ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ደህና ፍሪሲዮን ሞተሩን ያጠፋዋል። ሞተሩ ሳይጠፋ መሥራቱን ከቀጠለ ተንሸራቷል። አንዴ ብቻ ይበቃል፤ መደጋገሙ ራሱ ሸራውን ያቃጥላል።

አሁን ወደ ዘይቱ። "ዘይት ካስቀየርኩ ወዲህ" ማለትሽ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የተሞላልሽ ምን ዘይት ነው? ከበርሜል የተቀዳ ነው ወይስ ከታሸገ ጣሳ? አንዳንድ የመኪና ዘይት ነዳጅ እንዲቆጥብ ሰበቃን የሚቀንስ ነገር ይጨመርበታል። ለመኪና ጥሩ ነው፤ የመኪና ፍሪሲዮን ደረቅ ነው፣ ከዘይቱ ጋር አይገናኝም። ያንቺ ፍሪሲዮን ግን የሚሠራው በሰበቃ ነው፣ እዚያው ዘይት ውስጥ። ጣሳው ላይ "ጃሶ ኤምኤ" (JASO MA) ወይም "ኤምኤ2" (MA2) የሚል ምልክት ፈልጊ፤ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የሚሆን ዘይት ማለት ነው። የወፍራምነቱን ቁጥር መመሪያው እንደሚለው አድርጊ። "ኤምቢ" (MB) የሚለው ፍሪሲዮናቸው ከዘይት ውጭ ለሆነ ስኩተሮች የተሠራ ነው፤ ላንቺ አይሆንም።

ያለውን አፍስሽና በትክክለኛው ቀይሪ። ጥቂት ነድተሽ እንደገና ብትቀይሪው አሮጌው ይታጠባል። ብዙ ጊዜ በዚህ ይመለሳል። ሸራው ከተቃጠለ ግን፣ ሽታው ይነግርሻል፣ ዲስኩ መቀየር አለበት። አዲሶቹ ከመገጠማቸው በፊት ዘይት ውስጥ ይደሩ። ሞላዎቹም አብረው ይለኩ፤ ያጠሩ ሞላዎች አዲስ ሸራንም ያንሸራትታሉ።

ባዶ ጉዞዋንም እይ። ያንቺ ችግር ከመሐል ሜዳው ልጅ ተቃራኒ ነው፤ ገመዱ ከልክ በላይ ከተወጠረ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በከፊል እንደተጨበጠ ይኖራል። ዳገቱን ስትወጪም ጣትሽ እጀታው ላይ አይረፍ።

ያማሃ ዲቲ የምትነዱ ወገኖች፣ ከቤንዚን ጋር የሚቃጠለው ዘይት ፍሪሲዮኑ ጋ አይደርስም። የካምቢዮው ዘይት ለብቻው ነው። ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነው የምጽፈው። ሽንኩርት ጭኜ ስነሳ ሁለተኛ ማርሽ በራሱ ይወጣል። በእግሬ ተጭኜ ይዤው ነው የምሄደው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንተ ይፈታል። ብዋሽህ አልጠቅምህም። መጀመሪያ ግን የማርሽ መርገጫውን እየው። ወድቆ ተጣሞ ከሞተሩ ክዳን ጋር ከተጋጨ ወይም ቡሎኑ ላልቶ የውስጥ ጥርሱ ከተበላ፣ ማርሹ እስከ መጨረሻው አይገባም፤ ግማሽ የገባ ማርሽ ደግሞ ይወጣል። መርገጫው ደህና ከሆነ ችግሩ ውስጥ ነው። ማርሾቹ ጎን ላይ አንዱ ሌላውን የሚነክስባቸው ጉብታዎች አሏቸው። ጠርዛቸው ሲዶለድም ጭነት በመጣ ቁጥር ይንሸራተታሉ። ማርሹን የሚገፋው ሹካም ተጣሞ ሊሆን ይችላል።

በእግርህ ይዘህ መሄዱን ዛሬውኑ ተው። ሹካውን እያቃጠልከው ነው፤ ጥገናህ በየቀኑ እየጨመረ ይሄዳል። ሲፈታ ማርሹን ብቻ እንዳትቀይር፤ የሚነክሰውን ጓደኛውንም አብረህ ቀይር፣ አለበለዚያ አሮጌው አዲሱን ይበላዋል። ዘንጎቹ የሚዞሩባቸው ኩሽኔታዎችም በእጅ እየተዞሩ ይታዩ። ጭነቱንም ቀንስ፤ ሁለት ጊዜ መመላለስ ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ ልጄ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ሲወርድ ሞተሩን አጥፍቶ በዜሮ ነው የሚወርደው። ቤንዚን ይቆጥባል ይለኛል። ማርሹን አይጎዳውም ወይ?

መልስ፦ አባቴ፣ ማርሹን ይጎዳዋል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ፍሬኑ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይት የሚገፋው ፓምፕ ይቆማል። ጎማው ግን ካምቢዮው ውስጥ ያሉትን ጥርሶች እያዞረ ነው። ታች ደርሶ በፍጥነት ማርሽ ሲያስገባም ጉብታዎቹ ይጋጫሉ፤ የሸዋ ሮቢቱ ችግር እንዲህም ይጀምራል። ያ ቁልቁለት ደግሞ ረጅም ነው። ክብደቱን ሁሉ ፍሬን ብቻ ከተሸከመው ይግላል፤ የጋለ ፍሬን አይዝም። ሞተሩ ተነስቶ፣ ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ፣ ነዳጅ ሳይሰጥ ይውረድ። ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። የሚያወጣው ቤንዚን ጥቂት ነው። እሺ ካላለዎት እኔ ጋ ይላኩት፤ አሮጌ የፍሬን ሸራ አሳየዋለሁ።