በግ የገባበት ፊደል

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ቻይና ኬሚስትሪ ይማራል። ለሃይድሮክሲል ተብሎ የተፈጠረ «የቻይና ፊደል» አለ አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ «የቻይና ጽሕፈት ሥዕል እንጂ ፊደል አይደለም» ትላለች። የቱ ነው ልክ?

መልስ፦ ወንድምዎ የነገረዎ ቺያንግ የሚባለውን ነው። አወላለዱ ደስ ይላል። ሃይድሮጅን በቻይንኛ ቺንግ ነው፣ ኦክስጅን ያንግ። ሃይድሮክሲል የሁለቱ ጥምር ስለሆነ ከቺንግ መነሻውን፣ ከያንግ መድረሻውን ወስደው ቺያንግ አሉት። አጻጻፉም እንደዚያው ነው። ሁለቱ ጋዞች ሲጻፉ የጋዝ ምልክት እንደ ጣሪያ ይከድናቸዋል። ጣሪያው ተነሣና ከሥር የነበሩት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከኦክስጅን በኩል የመጣው በግ ነው። አዎ፣ በግ! በግም በቻይንኛ ያንግ ስለሚባል ለድምፁ ብቻ የገባ ነው። «ሥዕል ነው» ባዮች እዚህ ላይ ምን ይሉ ይሆን? ሃይድሮክሲል በግ ይመስላል?

ከተነሣ አይቀር፣ የኦክስጅን የቻይንኛ ስም ድሮ «መጋቢ አየር» ነበር። ቻይናዊው ሹ ሾውና እንግሊዛዊው ጆን ፍራየር በ1871 እ.ኤ.አ. ሻንጋይ ላይ ባወጡት የኬሚስትሪ ትርጉም ገና በሁለት ምልክት ነው የተጻፈው። እኛ የተዋስነው ኦክስጅን ደግሞ ከግሪክኛ ሥሩ «የጎምዛዛ ነገር ወላጅ» ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቯዚዬ አሲድ ሁሉ ኦክስጅን አለበት ብሎ ያምን ነበር። ተሳስቷል፤ ስሙ ግን ተጣብቆ ቀረ። የቻይናው ይሻላል ባይ ነኝ።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። እኔ «ፊደል» የሚለውን አልወድለትም። «ፊደል ቆጠረ» እንላለን፤ የቻይናውን ግን ቆጥሮ የጨረሰ የለም። የእኛ ፊደል ድምፅ እንጂ ትርጉም አይሸከምም፣ ቺያንግ ግን ትርጉሙን ይዞ ነው የተወለደው። ለእኔ የሚጥመኝ «ዲቃላ» ነው። ቋን፣ ኳን፣ ጓን ዲቃላ እያልን አይደል የምናስተምረው? ሁለት ድምፅ ተጨፍልቆ በአንድ ቅርጽ። ቃሉ ስድብ ነው የሚሉኝ አሉ። ይሁን፣ የሰዋስው ቃልም ነው።

ይህንን ለአንድ ባልደረባዬ ስነግረው «ዲቃላውም እኮ ፊደል ነው» አለኝ። መልስ አጣሁለት። ደግሞ ሰው ሁሉ «የቻይና ፊደል» ይላል፤ እኔም ክፍል ውስጥ ሳላስበው አምልጦኛል። ስለዚህ ወንድምዎን አያርሙት። ጓደኛዎን ግን ስለ በጉ ይንገሯት።