ለ1985ቱ ኮርቬት ሻጭ

ወንድሜ፣ 14 ሺህ ማይል ብቻ የሄደውን የ1985 ኮርቬትህን (የሸቭሮሌት ስፖርት መኪናህን) «ቀለም አስቀብቼ፣ ጎማ ቀይሬ ልሽጠው ወይስ እንዳለ?» ብለህ ጠይቀሃል። እባክህ ቀለሙን አትንካው! ገዢ የሚፈልገው ፋብሪካው እንዳወጣው መቆየቱን ነው። ትንሽ ጭረት ቢኖረው እንኳ ተወው።

ጎማው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጎኑ ላይ የታተመውን የምርት ቀን እይ። ያረጀ ጎማ ደህና ቢመስልም በፍጥነት ሲነዳ ሊፈነዳ ይችላል። አዲስ አስገጥም። አሮጌዎቹ ከፋብሪካ የመጡት ከሆኑ ግን እንዳትጥላቸው፤ ከመኪናው ጋር አብረህ ስጥ። ሰብሳቢዎች ይወዷቸዋል።

ዋናው ሥራህ ማይሉ እውነተኛ መሆኑን ገዢውን ማሳመን ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የ2010 እና ከዚያ በፊት ያሉ ሞዴሎች ሲሸጡ ማይል ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ገዢው የሚያምነው ወረቀትህን ነው። የዘይት ቅያሪ ደረሰኝ፣ የኢንስፔክሽን (የመኪና ምርመራ) ወረቀት፣ ብቻ ቀንና ማይል ያለበትን ሁሉ ፈልገህ በዓመት ቅደም ተከተል ደርድር።

ዋጋ ስትቆርጥ እውነቱን እወቅ። የ1985ቱ ከ39 ሺህ በላይ ተመርቷል፤ ብርቅ አይደለም። ሞተሩ ግን 230 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የ1984ቱ 205 ነበር። ይህን ማስታወቂያህ ላይ ጻፈው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ሲነሳ፣ ዲጂታል ዳሽቦርዱም ቦግ ሲል የሚያሳይ ቪዲዮ ጨምር። እኔ ብገዛ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ክፍያውን እዚያው የገዢው ባንክ ውስጥ ሆናችሁ ተቀበል። ቼኩ እውነተኛ መሆኑን ባንኩ ሳያረጋግጥልህ ቁልፉንም ታይትሉንም (የባለቤትነት ወረቀቱንም) እንዳትሰጥ።