ለጀማሪ ፊልም ሠሪዎች፦ ከሜልየስ ጀምሩ

ውድ ልጆቼ፣

ለማቀናበሪያ ሶፍትዌር ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የዦርዥ ሜልየስን ድምፅ አልባ ፊልሞች ደጋግማችሁ እዩ። ሜልየስ የፓሪሱ ሮቤር-ኡዳን ቴአትር ባለቤትና የምትሃት ትርዒት አቅራቢ ነበር። የሉሚየር ወንድማማቾችን የፊልም ትርዒት በ1895 (እ.ኤ.አ.) ካየ በኋላ ሲኒማ ውስጥ ገባ፤ በ1897ም ፓሪስ አጠገብ ባለችው ሞንትሬይ ላይ ጣሪያውና ግድግዳው መስታወት የሆነ ስቱዲዮ ሠራ። ሰው ሁሉ የሚያነሣለት በ1902 የሠራውን የጨረቃ ጉዞ ነው። ለተማሪ ግን አጫጭሮቹ ይሻላሉ።

ሰው ድንገት ከሚሰወርበት ብልሃት ተነሡ። ካሜራው ይቆማል፣ የሚቀረው ተዋናይ ባለበት ይደርቃል፣ የሚሰወረው ይወጣል፣ ቀረጻው ይቀጥላል። አስቸጋሪው ክፍል ከዚህ በኋላ ነው። በእጅ የሚዞር ካሜራ ሲቆምና ሲነሣ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ በዚያ ቅጽበት የተነሡት ፍሬሞች (የፊልሙ ነጠላ ምስሎች) ብርሃን ይበዛባቸዋል። ስለዚህ ሜልየስ የተበላሹትን ቆርጦ እያወጣ ፊልሙን መልሶ ይለጥፍ ነበር። ምትሃቱ ያለቀለት በመቀስ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

በስልክ ስትሞክሩት ቀረጻውን አታቋርጡ፤ ቁልፉን ስትነኩ ስልኩ ይነቃነቃል። ትራይፖድ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩት፣ ስክሪኑን ተጭናችሁ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ፣ ትርፉን በኋላ ቁረጡ። የሚያጋልጣችሁ የሚሰወረው ሰው ሳይሆን የሚቀረው ነው። እጁ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ካለ ተመልካቹ ዝላዩን ያየዋል፤ ስለዚህ እጁን የሚያሳርፍበት ጠረጴዛ ስጡት። በመሃል ደመና ፀሐይዋን ከጋረደ ጥላው ይለወጣልና ከመጀመሪያው ድገሙት።

ከባዱ ድርብ ቀረጻ፣ ማለትም በአንዱ ፊልም ላይ ደጋግሞ መቅረጽ ነው። በ1900 በሠራው የአንድ ሰው ኦርኬስትራ ላይ የሚታዩት ሰባት ሙዚቀኞች ሁሉም ሜልየስ ራሱ ናቸው። አንዱ ፊልም ሰባት ጊዜ ካሜራው ውስጥ አለፈ ማለት ነው። ከጥቁር መደብ ብርሃን ስለማይመጣ ያ የፊልሙ ክፍል ለሚቀጥለው ቀረጻ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በኋላ ፊልሙ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ከዚያው ፍሬም መነሣት አለበት፤ የእጀታው ዙር የሚቆጠረው ለዚህ ነው። በጊዜው በተለመዱት ካሜራዎች አንድ ዙር 8 ፍሬም ነበር። ሁለት ዙር ከተሳተ ሙዚቀኞቹ አንድ ሴኮንድ ያህል ይዛነፋሉ። ተዋናዩ ከተመደበለት ቦታ ካለፈ ደግሞ ሰውነቱ ከጎረቤቱ ጋር ተደራርቦ እንደ ጭስ ያሳልፋል። በሰባተኛው ላይ የተሠራ ስሕተት ስድስቱንም ይዞ ይጠፋል። እናንተ ሰባቱን በየፋይሉ ስለምታስቀምጡ ይህ አያሰጋችሁም፤ ተዋናዩን በቆጠራ ማለማመዱን ግን አትተዉት።

በ1901 በሠራው ፊልም ላይ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ጭንቅላት በወናፍ እየተነፋ ያብጣል። ይህም ድርብ ቀረጻ ነው፤ ካሜራው ግን ንቅንቅ አላለም። ከአንገቱ በታች በጥቁር የተሸፈነው ሜልየስ ራሱ በጋሪ ወደ ካሜራው ተጎተተ። ጋሪው የሚሄድበትም መንገድ ወደ ካሜራው ከፍ እያለ የሚሄድ ነበር። ለምን? ከካሜራው ዓይን ዝቅ ያለ ነገር ሲቀርብ ምስሉ ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ መንገዱ ሜዳ ቢሆን አንገቱ ከጠረጴዛው መስመር በታች ይሰምጥ ነበር። እናንተም ስትሞክሩት ፊቱን ትታችሁ አንገቱን ብቻ ተከተሉ፤ ከመስመሩ ከወረደ ዳገቱን ጨምሩ፣ ከመስመሩ በላይ ከወጣ ቀንሱ።