በኪራይ የሞተር ጀልባ በወንዝና በካናል ስለ መጓዝ፤ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ለብዙ ዓመታት ሥራዬ የኪራይ ጀልባዎችን ለተከራዮች ማስረከብና የመጀመሪያዋን ሰዓት አብሬያቸው ሆኜ ማለማመድ ነበር። ስለዚህ ጀልባ ስለ መምራት፣ ስለ ማሰርና ሎክን ስለ ማለፍ የምትጠይቁኝን ሁሉ በደስታ እመልሳለሁ፤ ስለ ኪራይ ዋጋና ስለ ምግብ ከእኔ የተሻሉ አባላት አሉ። ሎክ የምለው ከላይና ከታች በር ያለው፣ ውኃ እየተሞላበት ወይም እየተለቀቀበት ጀልባን ከአንዱ የውኃ ከፍታ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን ክፍል ነው።

አዲስ ገቢ፦ የጀልባ መንጃ ፈቃድ ሳይኖረኝ መከራየት እችላለሁ?

መላሽ፦ እንደ አገሩ ነው። በፈረንሳይ ካናሎች አስረካቢው አጭር ትምህርት ይሰጥዎትና ለዚያ ጉዞ ብቻ የሚያገለግል ካርድ ይቀበላሉ። በጀርመን በተወሰኑ ውኆች ላይ፣ ለምሳሌ በሜክለንቡርግ ሐይቆች፣ ቻርተርሻይን የሚባል ተመሳሳይ ወረቀት አለ። በኔዘርላንድ ከ15 ሜትር ያጠረና በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የማይፈጥን ጀልባ ፈቃድ አይጠይቅም። በእንግሊዝ የኖርፎክ ብሮድስ ውኆችና በአየርላንድ የሻነን ወንዝ ላይም ፈቃድ የሌለው ሰው ይከራያል። ሆኖም ካርዱን መያዝ መምራት መቻል አይደለም። አስረካቢው ቸኩሎ ቢያሰናብትዎት እንኳ፣ እሱ አጠገብዎ ቆሞ ሳለ ጀልባውን አንድ ጊዜ ራስዎ አሥረው፣ አንድ ጊዜም ራስዎ አዙረው ካላዩ በስተቀር አይፈርሙ።

ቀስ በቀስ፦ መኪና ለረጅም ጊዜ ነድቻለሁ። ጀልባው ያን ያህል ይለያል?

መላሽ፦ እጅግ ይለያል፤ በማስረከቢያው ዕለት ከሁሉ በፊት የማስረዳውም ይህንኑ ነበር። መኪና በፊት ጎማው ይመራል፤ ጀልባ ግን የሚመራው ከኋላው ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩ አፍንጫው ወደ ቀኝ የሚሄደው ጭራው ወደ ግራ እየተወረወረ ስለሆነ፣ ከግንብ አጠገብ ተነሥቶ ወዲያው ወደ መሐል ለመግባት የሚሞክር ጀማሪ የኋላውን ጎን ከግንቡ ጋር ያላትማል። ሁለተኛ፣ ጀልባ ፍሬን የለውም። የሚቆመው የኋላ ማርሽ ገብቶ ፕሮፔለሩ ወደ ኋላ ሲስብ ነው፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደግሞ መሪው ጀልባውን እምብዛም አይታዘዝም። ሦስተኛ፣ መሪው የሚሠራው ፕሮፔለሩ የሚገፋው ውኃ ሲያልፍበት ስለሆነ፣ ደንግጠው ነዳጅ መስጠቱን ሙሉ በሙሉ ሲተዉት ጀልባውን የመምራት ኃይልዎንም አብረው ይለቃሉ። ስለዚህ ወደ ማሰሪያ ሲቀርቡ የሰው የእግር ጉዞ ፍጥነት ይብቃዎት፤ ፍሰት ባለበት ወንዝ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ አፍንጫውን ወደ ፍሰቱ መጪ አቅጣጫ አዙረው ይጠጉ፤ ያን ጊዜ ውኃው ራሱ ፍጥነትዎን ይቀንስልዎታል። ከፍሰቱ ጋር እየወረደ ለመታሰር የሚሞክር ሰው ከመሬቱ አንጻር ያለውን ፍጥነት የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ፦ ጀልባን በእጅ ወይም በእግር አታስቁሙ። ጀልባው ብዙ ቶን ይመዝናል፤ ግንቡ አይንቀሳቀስም፤ በመካከላቸው የገባ እግር ይደቃል። በጎን የተንጠለጠሉት መከላከያዎች የተሠሩት ለዚሁ ነው፤ ቢቧጨርም ይቧጨር።

ሰንሰለት፦ የፊት ገፊ ሞተር፣ ማለትም አፍንጫውን ወደ ጎን የሚገፋ ትንሽ ሞተር፣ ያለው ጀልባ ቢከራዩ ይህ ሁሉ ጭንቀት አይኖርም።

ዘወትር ተጓዥ፦ አልስማማም። የፊት ገፊ ሞተር ያላቸው ተከራዮች በእሱ ተማምነው በፍጥነት ይጠጋሉ፤ ባትሪው ሲደክም ወይም ቅጠል ሲያንቀው ምንም አያውቁም።

ሰንሰለት፦ ነፋስ ባለበት ቀን ከፍ ያለ ጎን ያለው ጀልባ ያለ እሱ ከግንብ ማላቀቅ የሞከሩ አይመስለኝም።

መላሽ፦ ሁለታችሁም የያዛችሁት እውነት አለ። ገፊው ሞተር የሚጠቅመው ጀልባው ሊቆም ሲቃረብ ነው፤ እየሄደ ሳለ ኃይሉ ከንቱ ይሆናል። በነፋስ ጊዜ ካለ ተጠቀሙበት፤ ነገር ግን ያለ እሱ ማሰርን ያልለመደ ሰው ጉዞውን አይጀምር።

እናት ለሦስት፦ ልጆቼ ዋና ይችላሉ። የሕይወት አድን ጃኬት ሁልጊዜ ያስፈልጋቸዋል?

መላሽ፦ ያስፈልጋቸዋል፤ ጀልባው ታስሮ ቆሞም ቢሆን። ዋና የሚችል ልጅ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ድንገት ሲወድቅ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ራሱን ከጀልባው ጎን መትቶ ከወደቀም ዋናው አይረዳውም። ጃኬቱ በልጁ ክብደት ልክ ይሁን፤ በእግሮች መካከል የሚያልፈው ማሰሪያም ይታሰር፤ አለዚያ ውኃ ውስጥ በራሱ ላይ ሾልኮ ይወጣል። እርስዎም ይልበሱ፤ ልጆች የሚያዩት እርስዎን ነው። ሰው ከወደቀ መጀመሪያ ማርሹን ወደ ባዶ ይመልሱ፤ ፕሮፔለሩ ከውኃው የበለጠ አደገኛ ነው።

የካናል ናፋቂ፦ በካናል ዱ ሚዲ የመሄድ ሐሳብ አለን። ሎኮቹ ያስፈሩኛል።

መላሽ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ካናል ዱ ሚዲ በፒዬር ፖል ሪኬ መሪነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1681 የተከፈተ፣ ከቱሉዝ እስከ ሜዲትራንያን ዳርቻ 240 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ ሥራ ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1996 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የሎኮቹ ግንብ እንደ እንቁላል ወደ ውጭ የጎበጠ ነው፤ ቀጥ ያለ ግንብ በአፈሩ ግፊት ስለሚናድ ሪኬ የመረጠው መፍትሔ ነበር። ለተከራዩ የሚያመጣው ችግር ግን ጀልባው በመካከል ከግንቡ መራቁ ነውና፣ ከፊትም ከኋላም ረጅም ገመድ ያስፈልጋችኋል። በቤዚዬ አጠገብ ያለው የፎንሴራን የሎክ ደረጃ ከ20 ሜትር በላይ ከፍታ በተከታታይ ክፍሎች ያሻግራል፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄዱ ጀልባዎች በተለያየ ሰዓት ስለሚስተናገዱ ሰዓቱን ቀድማችሁ ጠይቁ።

አሠራሩ ይህ ነው። ወደ ላይ ስትወጡ አንድ ሰው ከሎኩ በፊት ወርዶ በእግሩ ወደ ላይ ይሂድና ገመዱን ከላይ ይቀበል። ውኃው በኃይል የሚገባው በላይኛው በር በኩል ስለሆነ ከዚያ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ገመዱን በማሰሪያው ምሰሶ ላይ አንድ ዙር አዙራችሁ ጫፉን በእጃችሁ ያዙ፤ ጀልባው ከፍ ሲል ሰብስቡ። ወደ ታች ስትወርዱ ደግሞ ገመዱን ቀስ እያላችሁ ልቀቁ። በሎክ ውስጥ ገመድ አታስሩ። ደግሜ እጽፈዋለሁ፦ በሎክ ውስጥ ገመድ አታስሩ። ውኃው ሲወርድ የታሰረ ጀልባ በገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ያዘነብላል፤ ገመዱ ከተበጠሰም ያገኘውን ሰው ይመታል። በእጃችሁ ላይም አትጠምጥሙት፤ የተሳለ ቢላዋም ከመሪው አጠገብ ይኑር። ስትወርዱ ከላይኛው በር ሥር የተደበቀ የድንጋይ እርከን አለና የጀልባው ጭራ ከእሱ ፊት ለፊት ርቆ ይቁም፤ ጭራው እርከኑ ላይ ከተቀመጠ አፍንጫው ወርዶ ውኃ ይገባዋል። ችግር ስታዩ መጀመሪያ የምትጮኹት «ውኃውን ዝጉ» ብላችሁ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቀጥሎ ይመጣል።

ዘወትር ተጓዥ፦ በሎክ ውስጥ ሞተር መጥፋት አለበት፤ ጭሱ ክፍሉን ይሞላዋል።

ቀስ በቀስ፦ ጠፍቶ ባይነሣስ? በሩ ተከፍቶ ከኋላችን ሌሎች እየጠበቁ እንቸገራለን።

መላሽ፦ ገመዶቹ ሁሉ ከተያዙ በኋላ ማጥፋቱን እመርጣለሁ፤ የሎኩ ጠባቂ የተለየ ትእዛዝ ከሰጠ እሱን ስሙ። ሞተሩ ጠፍቶ አይነሣም ብላችሁ የምትፈሩት ጀልባ ከሆነ ቀድሞውንም ለአስረካቢው መመለስ ነበረበት።

ፀሐይ፦ የትኛው ጀልባ ነው የሚሻለው?

መላሽ፦ ስንት ሰው፣ በየትኛው ውኃ፣ ለስንት ቀን እንደሆነ ሳይነገረኝ ይህ ጥያቄ መልስ የለውም። እነዚህን ጽፈው ይመለሱ።

ፀሐይ፦ አራት ሰዎች ነን፤ አንድ ሳምንት። ውኃውን አልወሰንንም።

መላሽ፦ እንግዲያው ውኃውን ይወስኑ፤ ጀልባው ከዚያ በኋላ ነው። ከፍታው ዝቅተኛ ድልድዮችን የማያልፍ ጀልባ ተከራይተው መንገዱን በግማሽ እንዳያቋርጡ። በካናል ዱ ሚዲ የካፔስታንግ ድልድይ፣ በኖርፎክ ብሮድስ ደግሞ የመካከለኛው ዘመን ግንባታ የሆነው የፖተር ሄይግም ድልድይ በዚህ ይታወቃሉ፤ በሁለተኛው ድልድይ ሥር የኪራይ ጀልባ የሚያልፈው በመሪ ባለሙያ ብቻ ነው።

የካናል ናፋቂ፦ በቀን ምን ያህል መሄድ ይቻላል?

መላሽ፦ ከምታስቡት ያነሰ። በካናል ዱ ሚዲ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ነው፤ በተግባር 6 ብላችሁ አስሉ፤ ለእያንዳንዱ ሎክ ሩብ ሰዓት ጨምሩ። 20 ኪሎ ሜትርና 8 ሎክ ማለት ከአምስት ሰዓት በላይ ነው፤ ሎኮቹ በምሳ ሰዓት የሚዘጉበትን ጊዜ ሳይቆጥር። ፍጥነታችሁ ልክ መሆኑን ለማወቅ ወደ ኋላ ተመልከቱ፦ ማዕበሉ ዳርቻው ላይ እየተሰበረ ከተከተላችሁ ፈጥናችኋል፤ ዳርቻውን እየሸረሸራችሁ፣ የታሰሩ ጀልባዎችንም እያናወጣችሁ ነው። ሎክ መብዛቱ የሚያስፈራው ቤተሰብ የአየርላንድን የሻነን ኤርን መስመር ያስብበት፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ተጠግኖ የተከፈተ ሲሆን 16ቱ ሎኮች በተጓዡ ካርድና በአዝራር የሚሠሩ ናቸው።

ታዛቢ፦ በኖርፎክ ብሮድስ የባሕር ሙላትና ጉድለት ያስቸግራል ይባላል።

መላሽ፦ በባሕሩ ዳር ወዳለችው ወደ ግሬት ያርማውዝ ከተማ ለምትጠጉ እውነት ነው። ፍሰቱ ብርቱ ስለሆነ የሚታለፈው ውኃው ጎድሎ ፍሰቱ በሚረጋበት አጭር ጊዜ ነው፤ ሰዓቱን ከአስረካቢው ጠይቃችሁ ጻፉት። ከከተማዋ አጠገብ ባለው ሰፊ የብሬይደን ውኃ ላይ በምልክት ምሰሶዎቹ መካከል ብቻ ተጓዙ፤ ከእነሱ ውጭ ጭቃ ነው። ሌሊት ስትታሰሩ ለውኃው መውረድ የሚበቃ ርዝመት ለገመዱ ተዉ።

ፀሐይ፦ በጀልባው ላይ ኢንተርኔትና ቴሌቪዥን ይኖራል?

መላሽ፦ አከራዩን ይጠይቁ።

እናት ለሦስት፦ ሌሊት ቢበርድ ምድጃውን እያነደድን መተኛት እንችላለን?

መላሽ፦ በፍጹም። የጋዝ ምድጃ ለማብሰል እንጂ ለማሞቅ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ አይታይም፤ በተዘጋ የመኝታ ክፍል ውስጥ ተኝቶ የነበረን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። የጠፋ የመሰለ የከሰል ምድጃም ወደ ውስጥ አይግባ፤ ፍሙ ለሰዓታት ጋዙን ይለቃልና። ቆማችሁ ሞተር ስታስነሡ ጭሱ ወደ እናንተም ወደ ጎረቤት ጀልባም በመስኮት እንዳይገባ ተጠንቀቁ። የመርዛማ ጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያው መሥራቱን በመጀመሪያው ዕለት አዝራሩን ተጭናችሁ ሞክሩ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ላይ ከታየ ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ፤ ሐኪም ይጠራ።

መንገደኛ፦ ይቅርታ፣ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ?

መላሽ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ መልሱን ከላይ ያንብቡ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት የተጻፈውን ተመልከቱ።

ታዛቢ፦ በመመለሻው ቀን ምን ይጠበቅብናል?

መላሽ፦ አብዛኛው ርክክብ በጠዋት ስለሆነ የመጨረሻውን ሌሊት ከመነሻው ቦታ አጠገብ እደሩ፤ በመጨረሻው ጠዋት ሎክ ላይ ተሰልፎ መዘግየት ተጨማሪ ክፍያ ያስከትላል። ነዳጁ ብዙ ጊዜ የሚሰላው ሞተሩ በሠራባቸው ሰዓታት ስለሆነ ቆጣሪውን ስትረከቡም ስትመልሱም ፎቶ አንሡት። የጀልባውን ጎኖች ደግሞ ከመነሣታችሁ በፊት ዙሪያውን ፎቶ አንሥታችሁ አስረካቢው ባለበት የቆየውን ጭረት ሁሉ በውሉ ላይ አስጽፉ፤ መያዣ ገንዘብ ላይ የሚነሣው ክርክር በአብዛኛው የሚመጣው ይህን ካለማድረግ ነው። አዲስ ጉዳት ካደረሳችሁ በዚያው ቀን ደውላችሁ ንገሩ፤ ፕሮፔለሩ ከተጣመመ ጀልባውን መንዳት መቀጠል የማርሽ ሳጥኑን ይጎዳልና።